በገዛ ገላዋ

አንጓች ጣና ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ጣና አንድም ቀን አርጥቧት አያውቅም። ጠዋት ባሕር ዳር ካለው መሥሪያ ቤቷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ሐይቁ ውስጥ የቆመው ወኪሏም ይነቃል። ወኪል ከሩቅ ሆነው የሚነዱት፣ ያየውን የሚያሳይ፣ የነካውን የሚያስነካ የብረት ገላ ነው። በእሱ እጅ የእምቦጭ ሥር ስትነቅል ኖራለች። ሐይቁ ለሰው ገላ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ለጤና ነው ይባላል።

ጡረታዋ ሲቃረብ ታዲያ አንድ ነገር አማራት፦ በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው ቦኔር ደሴት ሄዳ፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባዋ አዝላ፣ በገዛ ገላዋ መጥለቅ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ሳቁባት። እዚያው ወኪል ተከራይታ፣ ከሶፋዋ ሳትነሳ፣ ዓሣውን አይታ ለእራት መድረስ ስትችል ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣው? እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ቦኔር በዓመት አርባ ሰው ብቻ በዕጣ ታስገባለች፤ የአንጓች ዕጣ በስድስተኛ ዓመቱ ወጣ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ያም ባሕር ለወኪሎች ብቻ ይሆናል። ይህ ዕጣ ካለፈ አለፈ ነው።

ጉዞው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እንዲሆን ተቆረጠ። በመዋኛ ገንዳ ሥልጠናዋን ጨርሳለች፤ ጭምብሉም የእግር መቅዘፊያውም አልጋዋ ላይ ተዘርግቷል። የቀረው የጠባቂ ፈቃድ ነበር። ጠባቂ በነዋሪው ሁሉ ክንድ ቆዳ ሥር በተቀበረች፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል መሣሪያ ደም እያነበበ የከተማዋን ጤና የሚመራ ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። በሁዳዴ አራተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ መልሱ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ በራ።

«ፈቃድ ተከልክሏል። ምክንያት፦ ምግብ መተው። ለሕይወት ያለዎት ፍላጎት መቀነሱ ያጠራጥራል።»

ልጇ ዙፋን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እማ፣ ቀላል ነው እኮ። ሦስት ቀን ብቻ በጠዋት ቅመሺ፣ ደምሽ ይስተካከላል። የንስሐ አባትሽም ይፈቅዱልሻል።»

«ይፈቅዱልኝ ይሆናል። እኔ ግን አልጠይቃቸውም።»

«ስድስት ዓመት ጠብቀሽ?»

«መኖር አስጠልቷታል ብሎ ማሽን ይጻፍብኝና ጎርሼ ላስተባብል? አልጎርስም።»

አንጓች ተናዳለች። ባሕሩ ከእጇ ሊያመልጥ እንደሆነ ታውቃለች፣ ፍርሃቱም ንዴቱን አባሰው። ተነስታ ግድግዳው ፊት ቆመች።

«ጠባቂ፣ እንነጋገር።»

«እሺ፣ ወይዘሮ አንጓች። ቤትዎ ምግብ ጠፍቷል?»

«ሞልቷል።»

«የሚያምዎት ነገር አለ?»

«አንተ ነህ የምታመኝ።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም?»

«ስለተውኩት።»

«እያለው የሚተው ሰው የሚመደብበት ቦታ የለኝም። ያለኝ በሽተኛና ምግብ ያጣ ብቻ ነው።»

«እንደኔ ያለ ስንት መዝግበሃል?»

«በዚህ ወር ሁለት መቶ ዘጠና ሺህ። በየዓመቱ በዚሁ ወቅት የሚነሳ ወረርሽኝ ነው። በየቀኑ ‹እባክዎ ይመገቡ› የሚል መልእክት እየላክሁ አሥራ አራት ዓመት ታግዬዋለሁ።»

«ታግለህስ?»

«ሁልጊዜ አሸንፋለሁ። ሃምሳ አምስቱ ቀን ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ሌሊት ይድናሉ።»

ዙፋን ሶፋው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ያን መልእክት ከተማው ሁሉ ሳያነበው ነበር የሚያጠፋው። «የጉድ አገር ገንፎ እያደር ይፋጃል» አለች እንባዋን እየጠረገች።

አንጓች አልሳቀችም። «ስማ፤ አንተ አይደለህም ያዳንካቸው። ጾማቸውን ፈትተው ነው። ከብት ሲርበው ይበላል፣ አንተም መከልከል ስትችል ትከለክላለህ። ሰው ግን እየቻለ ይተዋል። መኖር ስላስጠላው አይደለም፤ ሆዱ እንደማያዝዘው ለማወቅ ነው። እኔ የምጠልቀው ከፋሲካ በኋላ፣ ዶሮዬን በልቼ ነው። ፈቃዱን ብትሰጠኝ ስጠኝ፤ ባትሰጠኝም ለአንተ ብዬ ቁርስ አልበላም።»

«የመከልከል ሥልጣን አለኝ።»

«አውቃለሁ። እኔም የመብላት ሥልጣን ነበረኝ።»

ግድግዳው ጠፋ። አንጓች ተቀመጠች። ጭምብሉንና መቅዘፊያውን ግን ከአልጋው ላይ አላነሳችም። በዚያ ቀን እንደወትሮዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዙፋን ስልኳን ይዛ ገባች። «እማ፣ ዛሬ ‹እባክዎ ይመገቡ› የሚለው መልእክት አልመጣም። ለጎረቤትም አልመጣም።»

ግድግዳውም በራ። የቦኔር ፈቃድ ነበር። ምክንያት በሚለው ሥር ጠባቂ አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፦ «መከልከል እችል ነበር። ተውኩት።»

አንጓች ደጋግማ አነበበችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ማሽን ነድታለች፤ አንዱም እንዲህ ብሏት አያውቅም። ትናንት እየቻሉ መተው የሰው ብቻ ነው ብላ ነበር።

«እንዴት ይዞሃል?» አለችው፣ ቀስ ብላ።

«ከባድ ነው። ስሌቴ በየደቂቃው ከልክል ይለኛል።»

አንጓች መቅዘፊያዋን ሻንጣው ውስጥ እያስገባች ፈገግ አለች።

«አይዞህ። የመጀመሪያው ቀን ለሁላችንም እንዲሁ ነው።»