አጠገቡ ያለው ወንበር

በሬ ወለደ ትሉኝ ይሆናል። በሉ። እኔም በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ባነበው ያንኑ ነበር የምለው።

ግን ሆኗል።

በጠራራ ፀሐይ፣ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ ነው የጀመረው። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ውጭ ምንጣፍ እያራገፈች ነበር፤ አቧራው በመስኮት ሲገባ «ኧረ ወዲያ አራግፊው!» ብዬ ጮኼባታለሁ።

በስልክ ስለምጽፍ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

መጀመሪያ ስለ ባሌ ልንገራችሁ።

ባሌ የመርከብ መካኒክ ነው። ሥራው መርከብ፣ ፍቅሩ ባቡር። ሚስቱ ከዚያ ቀጥላ ትመጣለች፣ ቦታ ከተረፈ።

አማቴ እንደምትነግረኝ በልጅነቱ የክብሪት ሳጥን በክር እየቀጣጠለ ሲጎትት ነበር የሚውለው። አድጎ ዓለምን መዞር ሲጀምርም አልተወውም። መርከቡ ወደብ በነካ ቁጥር ጓደኞቹ ገበያ ሲወጡ እሱ የሚጠይቀው ባቡር ጣቢያ ነው። የዚያን አገር ባቡር ተሳፍሮ ደስ እስኪለው ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዚያ የአገሩን የመጫወቻ ባቡር ገዝቶ ይመጣል።

ለኔ ሳሙና።

ሁሌ ሳሙና። እስቲ ፍረዱኝ።

የሳሎናችን ግማሽ የኔ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ነው። ግማሹ የሱ ጠረጴዛ ነው። ሐዲድ፣ ድልድይ፣ ዋሻ፣ አምፖል ያላት ትንሽ ጣቢያ... ግድግዳው ላይ ደግሞ ባቡሮቹ ተደርድረዋል። አንድ ቀን «አንቺ እኮ የምታምሪ ነሽ» ሲል ሰምቼ ከማድቤት እጄን እየጠረግኩ በደስታ ወጣሁ። ለአረንጓዴዋ ባቡር ነበር የሚያወራው።

ታዲያ አንድ ልማድ አለው።

ራሱን ከእንጨት ቀርጿል። ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሰውዬ ነው፤ ጃኬቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ወደ ጉዞ በተነሳ ቁጥር ሰውዬውን አንዱ ባቡር ውስጥ መስኮት አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ ባቡሩን ጣቢያዋ ፊት ለፊት ያቆመዋል፣ «ተሳፍሬያለሁ» ይላል። ሲመለስ ራሱ ያወርደዋል። እስከዚያ ማንም አይነካውም። እኔ እንኳን አቧራ የምጠርገው በዙሪያው ነው።

አጠገቡ ያለው ወንበር ሁሌ ባዶ ነው።

«ይሄ ያንቺ ነው፣ መርፌዬ» ይለኛል። መርፌዬ ነው የሚለኝ። «በሚቀጥለው አብረን እንሄዳለን።»

የተጋባን ጊዜ በሚቀጥለው። ልጃችንን ያረገዝኩ ጊዜ፣ ስትወልጂ በሚቀጥለው። ልጃችንን የዳርን ጊዜ፣ አሁንማ ነፃ ነሽ፣ በሚቀጥለው። ባወጣ ባወርድ ያ የሚቀጥለው አልመጣ አለ። ሽበት ቀድሞት መጣ።

ወደ እሁዱ ልመለስ።

ባሌ ጉዞ ከሄደ ሰንብቷል፤ እኔ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበር። ድንገት አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ጭ... ጭ... ጭ...

መኪናዬ መስሎኝ እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ። መኪናዬ ቆመ። ድምፁ ግን አልቆመም።

ጭ... ጭ...

ዞር አልኩ።

ባቡሩ ጣቢያዋ ጋ የለም። ድልድዩ ላይ ነው። እያየሁት ዝግ አለና ቆመ።

ሶኬቱን አየሁ። ተነቅሏል። ራሴ ነኝ የነቀልኩት፣ ካውያ ልሰካበት።

ቀስ ብዬ ተጠጋሁና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ። የኔው ሰውዬ ቦታው ላይ ነው።

አጠገቡ ግን... ሰው አለ።

ሴት ናት። ቢጫ ሻርፕ ተከናንባለች። እንደሱ ከእንጨት የተሠራች አይደለችም። ከምን እንደተሠራች እስካሁን አላውቅም። ራሷን የባሌ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጮኾ ይወጣ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ... አልፈራሁም። ቀናሁ! ደሜ ፈላ። እንዴት መጣች ብዬ ሳልጠይቅ ማን ናት ብዬ ጠየቅኩ።

ደወልኩለት።

«ሃሎ፣ የት ነህ?»

«ባቡር ላይ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ለምን ታንሾካሹካለህ?»

«አጠገቤ ሰው ተኝቷል።»

«ሴት ናት?»

«ቀስ በይ፣ ይነቃል።»

«አንተ፣ ሴት ናት ወይ?»

«ተሳፋሪ ናት። ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች?»

ከኋላው የሐዲዱ ድምፅ ይሰማኛል።

«በምን አወቅሽ?» አለኝ።

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ የክር መንቀያ ወረንጦዬን አነሳሁ። የፉርጎው ጣሪያ ይከፈታል። ከፈትኩት። ሴትዮዋን ወገቧን ይዤ ብድግ አደረግኳት።

ክብደት አላት።

መዳፌ ላይ ሳሳርፋት... ትሞቃለች።

አሁንም አልፈራሁም፣ ወይም ፍርሃቱ ለቅናቱ ቦታ ለቆለት ነበር። የልብስ ቁልፍ ማጠራቀሚያ ቆርቆሮዬ ውስጥ ከተትኳትና ክዳኑን ገጠምኩ።

«መርፌዬ...» አለ ባሌ።

«ወይ።»

«ሴትየዋ የለችም።»

«ወርዳ ይሆናላ።»

«ባቡሩ እየሄደ ነው እኮ። የት ትወርዳለች?» ሲያጎነብስ ተሰማኝ። «ጫማዋ... ጫማዋ እግሬ ሥር ነው።»

መስመሩ ተቋረጠ።

ያን ጊዜ ነው ክው ያልኩት።

ከቆርቆሮው ውስጥ አንድ ቁልፍ ክዳኑን መታ። ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ... ቀጭ። ጎረቤቴ ምንጣፏን ጨርሳ እያፏጨች ወደ ቤቷ ስትገባ ይሰማኛል። ካውያውን አንስቼ ክዳኑ ላይ ጫንኩበት።

እዚያ ላይ መተው ነበረብኝ። ግን ባዶው ወንበር ዓይኔን ያዘው። የኔ ነው የተባለው ወንበር። ሌላዋ መጥታ እስክትቀመጥበት ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

ራሴን ልሠራ ብዬ የእርሳስ ቁራጭ ፈለግኩ። ከሰማያዊ ቀሚሴ በተረፈው ብጥስጣሽ ጨርቅ ልብስ ሰፋሁለት። ከራሴ ላይ ፀጉር ነቅዬ አጣበቅኩለት። ሽበት የሌለበትን መርጬ ነው የነቀልኩት። ዓይንና አፍ በእስክሪብቶ አደረግኩለት፣ ፈገግ ያለ አፍ።

አጠገቡ አስቀመጥኳት። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ያምርባቸዋል።

ጣሪያውን ስገጥመው ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ጭ... ጭ... ወደ ዋሻው ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ፣ አያነሳም። ሥራ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እኩለ ቀን ላይ አማቴ ደወለች።

«ልጄ፣ አሁንም እንኳን ደስ አለሽ! ለስንት ዘመን ስነዘንዘው ከርሜ፣ በስተመጨረሻ ይዞሽ ሄደ!»

«የት እማማ?»

«የት ትላለች እንዴ! ፎቶውን ላከልኝ እኮ። ሰማያዊ ቀሚስሽ እንዴት ያምርብሻል! ልጅ ሆነሻል።»

«እማማ፣ እኔ ቤት ነኝ።»

ሳቀች። «አታሹፊብኝ። ቅድም አውርተን የለ እንዴ! ባሕሩን ስትነግሪኝ እኔም የሄድኩ ነው የመሰለኝ። እንዲህ ስትስቂ ከሰማሁሽ ዘመን የለውም።»

ቁጭ አልኩ።

«ለመሆኑ» አለች አማቴ፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «በልማድ የደወልኩት የቤታችሁ ስልክ ላይ አይደለም እንዴ? አንቺ ማነሽ?»

ስልኩን ዘጋሁት።

ወዲያው ለባሌ ደወልኩ። አሁን አነሳ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ!»

«ማን እኔ?»

«ሚስትህ ነኛ! ሚስትህ!»

ስልኩን ከአፉ አራቅ አድርጎ... «መርፌዬ፣ አንዲት ሴት ሚስትህ ነኝ ትለኛለች» አለ።

መርፌዬ።

ይህን ስም ለሌላ ሰው ሲናገር ሰማሁት። እዚያ ማዶ አንዲት ሴት ሳቀች። ሳቁን አውቀዋለሁ፣ የኔ ነው። ድሮ የነበረኝ፣ ጥርሴ ሳይነቀል፣ ትዕግሥቴ ሳያልቅ በፊት የነበረኝ ሳቅ።

ስልኩን ከእጁ ተቀበለችው።

«ስሚ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ በገዛ ድምፄ። «እኔ ብዙ ጠብቄያለሁ። ባሌን ተይልኝ።»

ክፉ ነገር እንኳን አልተናገረችም። እኔ ብሆን የምለውን ነው ያለችው።

ወረንጦውን አንስቼ ወደ ጠረጴዛው ሮጥኩ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ጣቢያዋ አጠገብ ደርሷል። ጣሪያውን ከፈትኩ። ተቀምጣለች። እኔ የሠራሁት ፈገግታ በሁለቱም ወገን እኩል ነበር... አሁን በአንድ ወገን ከፍ ብሏል።

ወገቧን በወረንጦው ያዝኩ።

ወዲያው ወገቤን ቀዝቃዛ ነገር በግራና በቀኝ ጨበጠኝ።

ለቀቅኩ። ያም ለቀቀኝ።

እንደገና ነካ አደረግኳት። ነካ አደረገኝ።

ቆሜ አሰብኩ። ያቺን ሴት ሳነሳት ከባቡሩ ጠፋች፣ ጫማዋ ብቻ ቀረ። ይቺን ባነሳት የምትጠፋው የትኛዋ ናት? እዚያ ያለችው ወይስ እዚህ ያለችው? ባሌን ላስመልስ ብዬ እኔው ብጠፋስ? ብተዋት ደግሞ እያየሁ ባሌን ወሰደችው።

ወረንጦውን አስቀመጥኩት።

ያቺኛዋን ልመልስ፣ ምናልባት ነገሩ ይስተካከል ይሆናል ብዬ ካውያውን አነሳሁና ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ቁልፎች ብቻ ናቸው። ገለባበጥኳቸው። የለችም። ከክዳኑ በውስጥ በኩል ግን በጥፍር የተቧጨረ የሚመስል ነገር አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ጋ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ልብስ ሰፊዋን ፈልገሽ ከሆነ የለችም» አለችኝ በጨዋ ድምፅ። «ከባሏ ጋር ጉዞ ሄዳለች። ደስ ይበላት፣ እሷም ጠብቃ ጠብቃ...»

ከስንት ዓመት ጎረቤቴ ጋር ክርክር ለመግጠም አቅም አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ቁልፉ በሩን ለመክፈት ትንሽ አስቸገረኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፏል። ፀሐይ ሳሎኑ መሃል ገብታለች። ይህን የምጽፍላችሁ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ሆኜ ነው፤ እኔን የሚያውቀኝ ሰው ሳጣ ለማላውቃችሁ ልንገር ብዬ።

አሁን፣ እየጻፍኩ ሳለ፣ ከባሌ ስልክ ፎቶ ገባልኝ። መልእክት የለውም።

ባቡር ውስጥ ነው የተነሳው። ባሌ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶታል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። አጠገቡ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው እኔ አለች። በደስታ ፊቷ አብርቷል። ፎቶውን ያነሳው ማን እንደሆነ አላውቅም።

አጎላሁት... ከኋላቸው ያሉትን ተሳፋሪዎች ለማየት።

በሁሉም ወንበር ላይ እኔ አለሁ።

አንዷ የተጋባን ጊዜ እንደነበርኩት ቀጭን ናት። አንዷ ሆዷ ገፍቶ በእጇ ደግፋዋለች። አንዷ ልጃችንን በዳርንበት ቀን የለበስኩትን ለብሳለች። ሌሎችም አሉ፣ እስከ ፉርጎው ጫፍ። ማንም የሚያወራ የለም። ሁሉም ባሌ አጠገብ የተቀመጠችውን ብቻ ነው የሚያዩት፣ እኔ አሁን በማያት ዓይን።

መጨረሻ ወንበር ላይ ያለችው ብቻ ናት ካሜራውን የምታየው። አሁን የለበስኩትን ሹራብ ለብሳለች። አጠገቧ ባዶ ቦታ አለ... እጇን እላዩ ላይ አድርጋ፣ ለምትቀጥለዋ ቦታ ይዛለች።