የኤልካና ግድግዳ

ሽማግሌው ሠዓሊ ኤልካና ታይሰን በሬቨንገርዝ ቤት ትልቁ ሳሎን ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲስለው በኖረው ግድግዳ ሥር ተዘርሮ ተገኘ። አጠገቡ መሰላል ቆሟል። ግድግዳው ላይ ከጣሪያው በሚወርደው የሮማን ሐረግ ሥዕል ውስጥ ያሉት ወፎች በሙሉ ሬሳውን ቁልቁል የሚያዩ ይመስላሉ።

ኢንስፔክተር ማርተን ዳከር ባርኔጣውን አወለቀ። ተወልዶ ያደገው ከመንደሩ ሐይቅ ማዶ ነው፤ በልጅነቱ ለትምህርት ለንደን ሄዶ ከተመለሰ ገና ዓመቱ ነው። ሰዉ እንደ እንግዳ ያየዋል። እሱም አንዳንድ ቀን ራሱን እንደዚያው ያያል።

«ከመሰላል ወደቀ ተብሎ ነበር» አለ የመንደሩ ፖሊስ። «ሐኪሙ ግን የተመታው መሃል አናቱን ነው፣ ይህ የመውደቅ ቁስል አይደለም አለ። ረዳቱን ጆብን ካቴና አስገብቼ ጋጣ ውስጥ ዘግቼበታለሁ። ትናንት ሲጨቃጨቁ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ይሰቀላል!»

ዳከር መሰላሉን መረመረ። የመሰላሉ እግሮች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው በሰም በተወለወለው ወለል ላይ ቆመዋል። ባዶዎቹ የላይ ጫፎች ሐረጉን ፍቀው ሁለት ትኩስ ጠባሳ ጥለዋል። በቀረው ግድግዳ ላይ ሌላ ጭረት ፈልጎ አጣ። ከምድጃው ዕቃዎች መካከል ደግሞ መቆስቆሻው ብረት ብቻ ጥላሸት የለበትም፤ ታጥቧል። መሰላሉን አስወርዶ አስተኛውና ወደ ማድ ቤት ሄደ።

የሟቹ የእህት ልጅ ሄስተር እጆቿን በሽርጧ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«ሬሳውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?»

«ከበሩ ሆኜ እግሩን አየሁ፤ ከዚያ ሮጥኩ። አንተ የአንጥረኛው ልጅ፣ አነጋገርህ የለንደን ሆኗል፤ ጥያቄህም እንደዚያው ይቀዘቅዛል።»

«የመሰላሉን ጨርቅ ማን ጠቀለለው?»

«እኔ ነኛ። በየፋሲካው እቀይርለታለሁ። ስፌቱ ከላላ ሲነጫነጭብኝ ይውል ነበር...» በሽርጧ ዓይኗን ጠረገች። «ጆብ አልገደለውም። በጸደይ ልንጋባ ነበር። እሱን ከሰቀላችሁት እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ።»

ጋጣው ውስጥ ጆብ ቀና አላለም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ሰኞ ከለንደን ሰዎች ስለ ግድግዳው ሥዕል ለጌታው ለሚስተር ኮርት ሜዳሊያ ይዘው ይመጣሉ፤ የቤቱንም ታሪክ ይጽፋሉ። ሽማግሌው በነሱ ፊት በመስኮቱ ሥር ግድግዳውን የሸፈነውን የኦክ እንጨት ልባስ እነቅላለሁ አለ። ተው፣ ሥራ ታሳጣናለህ አልኩት። ጮኸብኝ፤ ጮኽኩበት።»

«ከልባሱ ጀርባ ምን አለ?»

«ሠራተኛ ስሙን የሚጽፍበት ቦታ ነው ጌታዬ። አንተ ከተማ ስለኖርክ ረስተኸው ይሆናል።»

የቤቱ ባለቤትና አርክቴክት ሚስተር ሲልቫነስ ኮርት መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ይንጎራደዳል።

«በእጅህ ያልሠራኸውን የእኔ አትበል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ይህንን ነው» አለ። ዳከር ለንደን ተማሪ ሳለ ይህንኑ ንግግር ቆሞ አጨብጭቦለታል።

«ከሐረጉ ጫፍ ያለችውን ሰማያዊ ወፍ ማን ሳላት?»

«እኔ ነኛ! ያው መሰላል ላይ ቆሜ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዝናቡ መስኮቶቹን አጨልሟል። ጆብ ከነካቴናው በሩ አጠገብ ቆመ።

«ሚስተር ኮርት» አለ ዳከር፣ «ወፏን ሲስሉ እንዳቆሙት አድርገው መሰላሉን ያቁሙልኝ።»

ኮርት ፈገግ ብሎ አነሣው። ጨርቁን ወደ ታች አድርጎ አቆመው።

«ገለበጥከው!» ጮኸች ሄስተር።

«ወለሉ እንዳይጫር ነዋ» አለ ኮርት።

ጆብ ሳቀ፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ። «ጨርቁ ለግድግዳው ነው ጌታዬ። ሥዕሉ እንዳይፋቅ።»

«ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ ተገልብጦ ነበር ያገኘሁት» አለ ዳከር። «ጨርቅ የተጫማ መሰላል ሰም በተቀባ ወለል ላይ ሰው ቢወጣበት ይንሸራተታል። ይህ ግን ቆሞ ነበር። ስለዚህ ማንም አልወጣበትም፤ ኤልካና ከሞተ በኋላ ነው የቆመው። ጆብ በድንጋጤ እንኳ እንዲህ አያቆመውም። ጨርቁን የሰፋችው ሄስተርም አታቆመውም። ቤቱ ውስጥ ከነሱና ከእርስዎ በቀር ሰው አልነበረም። አናቱን የመቱበትን መቆስቆሻም ያጠቡት እርስዎ ነዎት።»

«መሰላል ማቆም አለማወቅ ሰው ያስገድላል?»

«እንዳልሠሩ መታወቁ ያስገድላል።» ዳከር ልባሱን አላቀቀው። በእርሳስ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ንድፉ የእኔ፣ ቀለሙም የእኔ ነው፤ ጌታው አንድም ቀን ብሩሽ አልያዘም። ኤልካና ታይሰን።»

ኮርት ወፎቹን ቀና ብሎ አያቸው።

«ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ» አለ በቀስታ፣ «እስከ ሰኞ ዝም ማለት አቃተው?»

ፖሊሱ ካቴናውን ከጆብ እጅ ፈትቶ ኮርት እጅ ላይ ቆለፈው። ሄስተር የጆብን የእጅ አንጓዎች በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

«ጠባሳዎቹን ላድሳቸው?» አለ ጆብ ቆይቶ።

«ዳኛው እስኪያያቸው ተዋቸው» አለው ዳከር።

ጆብ መሰላሉን ከግድግዳው አላቀቀ፤ ጫፎቹ ሐረጉን ዳግም እንዳይነኩት ተጠንቅቆ፣ ከሽማግሌው ብሩሾች ጎን አስተኛው።