ሁለቱም ማሳ

እኔ የማምነው በቴስተሬ ነው፣ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ። ቴስተሬ ከበራ ኤሌክትሪክ አለ፣ ካልበራ የለም፣ ከዚህ ውጭ ጂን ታየ፣ ቆሌ ተቆጣ፣ የሞተ ሰው ተጣራ የሚሉትን ሁሉ መርሳ ከተማ ላይ ሃያ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ስስቅባቸው ነው የኖርኩት፣ ባለቤቴ እንኳ ቡዳ ፈርታ ልጆቹን ስትሸፋፍን «ባትሪው የወረደ ሁሉ ቡዳ በልቶት ነው?» እያልኩ አበሽቃት ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ለምን እንደተውኩት ልንገርህ፣ ብቻ አታቋርጠኝ።

ሰይድ የሚባል ደንበኛ አለኝ፣ እዚሁ አጠገባችን ያለችው የግራና ልጅ ነው፣ በፒካፑ ሽንኩርት እየጫነ ወልድያ ያወርዳል። አባቱ አባ ይማም ወንዝ ዳር ያለውን እርሻ ቀን ሙሉ ብቻቸውን ነው የሚጠብቁት፣ እዚያ ደግሞ የስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ጊዜ እግራቸው ወልቆ ሰው ሳያገኛቸው ውለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰይድ እንቅልፍ የለውም። መጨረሻ ላይ ያለ ኔትወርክ ሰው የሚያነጋግሩ፣ ሲቢ የሚሏቸውን ሬዲዮኖች ሁለት ገዝቶ፣ ፈቃዱንም አውጥቶ መጣ፣ አንዱ ለፒካፑ፣ አንዱ ለአባቱ ጎጆ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዕድሜ ልኩን ዲናሞና የፊት መብራት ሲነካካ ለኖረ ሰው አንቴና መትከል ማለት ሠርግ ነው፣ እመነኝ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። አንቴናውን ከካቢናው ኋላ ባለው ብረት ላይ አቆምኩት፣ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ገመዱን በበሩ ጎማ ስር አሾልኬ አስገባሁት። ከዚያ ዋናው ነገር ማሳው ነው። እኛ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ማሳ ነው የምንለው፣ ከጣሊያኖቹ የቀረ ቃል ነው ይባላል፣ አንቴና ያለ ማሳ ሸምበቆ ማለት ነው፣ ገበሬው ግን ማሳ ሲል እርሻውን ነው። በዚህ ቃል ከሰይድ ጋር ስንት ጊዜ ተቀላልደናል መሰለህ፣ እኔ «ማሳህን ጠበቅ ማድረግ ነው» ስለው እሱ «አባቴ እየጠበቁት አይደል?» ይለኛል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ሽቦውን በብሎን አድርጌ በአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አሰርኩትና ካቢናው ውስጥ ገባን።

ሬዲዮኑን ስንከፍተው ሽሽሽ አለ፣ ሰይድ እንደ ሕፃን አጨበጨበ። ማንም እንደማያወራን እናውቃለን፣ ሁለተኛው ሬዲዮን ፕላስተሩ እንኳ ሳይነሳ ካርቶኑ ውስጥ እንደታሸገ መሀላችን ወንበሩ ላይ ነው። እንዲሁ ቁጥሩን እያዞርን ስንጫወት ከሽሽታው ውስጥ ጧ የሚል ነገር ሰማሁ። ጅራፍ ነው። የሞተሩ ረብሻ ይሆናል ብዬ ሞተሩን አስጠፋሁት፣ አሁንም ጧ፣ ቀጥሎ በሬ እፍ ሲል፣ ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ፣ ልክ አርሶ ቁና ቁና እንደሚተነፍስ ሰው። ሰይድ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር።

«ሰይዴ፣ ሁለቱም ማሳ ለቋል።»

የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ የእኛኑ አገር ዜማ ያለው፣ ከእርሻ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ስሙን በመጨረሻው ሳብ አድርጎ። ፈራህ ወይ ብትለኝ፣ ኧረ በደስታ ልበር ነበር! ወልድያ ወይ ውርጌሳ ላይ ሬዲዮን ያለው፣ ሰይድን የሚያውቅ ባለሙያ ሰምቶን ሥራዬን እያረመልኝ መሰለኝ፣ ዘልዬ ወርጄ ቁልፌን ብሎኑ ላይ ሰካሁና አንዴ ገፋ አድርጌ ተመለስኩ። ማይኩን ተጭኜም፣ ጌታው እናመሰግናለን፣ ግን እኔ ያሰርኩት ማሳ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው የቱ ነው አልኩት።

«አንዱ አሁን ነው። ይማምን አስነሱት።»

ከዚያ በኋላ ሽሽታው ብቻ ቀረ። ዞር ስል ሰይድ ፊቱ አመድ መስሏል። «አባቴን በስማቸው የሚጠራ ማን ነው?» አለኝ። ገባህ? በእኛ አገር አባ ይማምን «ይማም» ብሎ ለመጥራት በዕድሜ መብለጥ ያስፈልጋል፣ ግራና ውስጥ ደግሞ ከእሳቸው የሚበልጠውን ሰው ሁሉ ቀብረው ጨርሰዋል።

ሰይድ ሞተሩን አስነስቶ ነዳ፣ እኔም ሱቄን ሳልዘጋ፣ ቁልፌን እንደያዝኩ አብሬው ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንቴናው ከኋላችን ይጮሃል፣ ሰይድ ዱዓ ያደርጋል፣ እኔ ራሴ ስንት ዘመን ያልጠራኋትን እመቤቴን ስጠራ ተገኘሁ፣ በኋላ ለባለቤቴ ስነግራት ከሁሉም እሱ ነው ያስገረማት። አቧራው ውስጥ እየተንገጫገጭን ስንደርስ ወንዙ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ጠብታ ውኃ የለበትም። አባ ይማም ከሁለቱ ማሳዎቻቸው በታችኛው ጫፍ ላይ፣ ጎጇቸው ጥላ ስር ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ለጥ ብለው ተኝተዋል።

በጣም አፈርኩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሬዲዮን ወሬ ሽማግሌ ሊቀሰቅሱ! ሰይድ ግን ትከሻቸውን ይዞ አነሳቸው፣ እሳቸውም ምን ሆናችሁ፣ ማን ሞተ እያሉ ይቆጣሉ። ያኔ ነው የሰማሁት፣ ድንጋይና ድንጋይ ሲጋጭ፣ ቋ፣ ቋ፣ ከወንዙ ላይኛው በኩል። ቀና ብዬ ተራራውን ባየው ጫፉ ጠቁሯል። ደጋ ላይ ዘንቧል፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው።

አባ ይማም የጉድጓዱን ውኃ መሳቢያ ሞተር ካልያዝኩ ብለው ተመለሱ፣ እኔ ሞተሩ ይቅርብዎ ስል ሰይድ አባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ላይኛው ማሳ ሮጠ። ከኋላችን ጎርፉ ደረሰ። ግንድ ይዞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ መጀመሪያ ጎጆውን፣ ከዚያ ዳርቻውን፣ ከዚያ አፈሩ ከነሽንኩርቱ ለቀቀና የታችኛው ማሳ ሙሉ ለሙሉ ሄደ። ሰውየው ተኝተውበት የነበረውን ቦታ በዓይኔ ፈለግኩት፣ የለም። አባ ይማም «ኢና ሊላሂ» አሉ። እኔ ሰይድን አቅፌ እያለቀስኩ እስቃለሁ፣ ቁልፌ አሁንም እጄ ላይ ነው።

ነገሩን ስንነግራቸው አልተገረሙም። «ይማም ነው ያለኝ?» ብለው ብቻ ጠየቁ፣ አዎ ስንላቸው ወደ ወንዙ ተመለከቱ፣ ማን እንደመሰላቸው እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የቀራቸው ዘር የሚጥሉበት መሬት የቆምንበት የላይኛው ማሳ ብቻ ነው፣ እሱም ከዚያው ወንዝ ዳር ነው።

«ልጄ፣ ሁለቱም ካለ፣ ያንተኛው ማሳ ላልቶ ነበር ወይ?»

ሰይድም አየኝ። ቤተሰቡ በሙሉ የሚበላው ከዚያች መሬት ነው፣ አልላላም ብላቸው ይሄኛውም ይሄዳል ማለት ነው፣ ምን ሊያርሱ ነው? «አዎ አባ፣ ላልቶ ነበር፣ ግማሽ ዙር ዞሮልኛል» አልኳቸው። እፎይ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ፣ አንዱ ሽቦው፣ አንዱ ይኸው የሄደው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሞላ አሉ። በሳምንቱ ዘሩ። ጎጆው ላይኛው ማሳ ላይ ተሠራላቸው፣ ሁለተኛውን ሬዲዮንም ከካርቶኑ አውጥቼ ራሴ ገጠምኩላቸው፣ በየቀኑ ከልጃቸው ጋር ያወሩበታል፣ ያ ድምፅ ግን ተመልሶ አልመጣም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። ያን ቀን ቁልፌን ብሎኑ ላይ ሰክቼ ስገፋው ንቅንቅ አላለም። ጥብቅ ነበር። በገዛ እጄ ያሰርኩትን አላውቀውም?

ትናንት ሰይድ ደውሎ ሽንኩርቱ እንዳማረ፣ አባ ይማምም የመጀመሪያው ጆንያ ለእሱ ነው እንዳሉ ነገረኝ። እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ተራራው ተመለከትኩ፣ ጫፉ ጠቁሯል።