ያልተሰማው እሺታ

ሰውየው በሩን እንደከፈተ ቤቱን ማማት ጀመረ። ማሞቂያው ሌሊት ሌሊት ያንኳኳል፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ግጥም አይልም፣ ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤት ትሮምቦን የሚባል ጥሩምባ ይለማመዳል። ቲራ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በካልሲዋ ቆማ ታዳምጠዋለች። ከሰሜን፣ ከኡሜኦ ነው የመጣችው። አንድ ቲያትር ቤት ለጥቂት ወራት ልብስ ሰፊ አድርጎ ቀጥሯት ስቶክሆልም ከገባች ጀምሮ ያላንኳኳችው በር የለም። አንዱ ለአጭር ጊዜ አላከራይም ይላል፣ ሌላው ስልክ አያነሳም። ሻንጣዋ ከአንድ ባልደረባ ሳሎን ወደ ሌላው ሲዞር ጎማው ሊወልቅ ደርሷል። ያም ሆኖ እንዲህ ያለ አከራይ ገጥሟት አያውቅም።

«አንተ፣ ቤቱን ልታከራየው ነው ወይስ ልታማው?» አለችው።

አከራዩ ሞንስ ሳቀ። ሲስቅ እስከ ጆሮው ቀላ። የቲራ ልብ እዚያው ድንግጥ አለ። ቤት ፍለጋ መጥታ ሌላ ጣጣ ገዛች።

ሞንስ የደቡብ ሰው ነው፣ የማልሞ። ፍቅረኛው ትታው ከሄደች ወዲህ በገዛ ቤቱ እንቅልፍ እምቢ ብሎት እህቱ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። ቤቱን ለሆነ ሰው ለአጭር ጊዜ ሰጥቶ ከፊቱ ዞር ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። ቲያትሩ እስኪያልቅ ድረስ ለቲራ ሰጣት።

እሱ ግን ከቤቱ ዞር ማለት አቃተው። በሳምንቱ መጣና የአይብ መቁረጫዬን ረስቼ ነው አላት። ቀጥሎ ለስካርፍ መጣ፣ ቀጥሎ ለመጽሐፍ። የሚወስደው ዕቃ ሲያልቅበት አምፖል ፍለጋ መጣ። ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ቲራ እንደ አገሩ የሐሙስ ልማድ የአተር ሾርባና ፓንኬክ ሠርታ ነበርና ቁጭ በል አለችው። ከዚያ በኋላ ሰበብ መፈለጉን ተወው፤ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ይበላል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ይሄዳል። ሁለቱም የልባቸውን ትንፍሽ አይሉም። ቲራ በቀሩት ቀናት የደረጃውን ኮቴ ስታዳምጥ ትውላለች። ሰው ቤት ተከራይቶ ባለቤቱን መናፈቅ ምን ይሉታል ብላ ራሷን ትቆጣለች። ሻንጣዋ አሁንም አልጋው ሥር እንደተሞላ ነው።

ቲያትሩ ሊያልቅ ሲቃረብ ሞንስ ደወለ። ፊት ለፊት መጠየቅ ፈርቶ ነው። ቲራ በስፌት ማሽኖች መሃል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ቲራ... ሥራሽ ሲያልቅ ባትሄጂስ? ማለቴ... እዚሁ ብትቀሪ።»

ልቧ ዘለለ። መለሰችለትም። ችግሩ የመለሰችው በአገሯ ደንብ መሆኑ ነው። በሰሜኑ ክፍል አዎ ለማለት ድምፅ ማውጣት የለም፤ ከንፈርን አሞጥሙጦ አየር ሽው አድርጎ ወደ ውስጥ መሳብ ነው፣ አለቀ። የእኛ ሰው ይህን ቢሰማ አይገርመውም፤ እኛስ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ እየሳብን አይደል የምንስማማው? የማልሞ ሰው ግን ይህን የት ያውቃል? ያውም በስልክ፣ ያውም በማሽን ጩኸት መሃል! ሞንስ የሰማው ዝምታ ብቻ ነው።

«ገባኝ» አለ፣ ድምፁ ሰለለ። ይቅርታ፣ እንዳልጠየቅኩሽ ቁጠሪው ሲል ግን ቲራ ስልኩን ዘግታ በደስታ ወደ ስፌቷ ተመልሳ ነበር።

ሐሙስ መጣ። ሞንስ አልመጣም። ሾርባው ቀዘቀዘ። ደወለችለት፣ አላነሳም። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ መስኮት ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። ኮቴ በተሰማ ቁጥር በሩ ጋ ደርሳ ትመለሳለች። በማግስቱ አጭር መልእክት ደረሳት፤ እሁድ ቤቱን የሚያዩ አዲስ ተከራዮች ይመጣሉ ይላል። ቲራ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እሁድ ሰዎቹ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ክፍሎቹን ሲዞሩ ሞንስ አቀርቅሮ መግቢያው ላይ ቆሟል። ቲራ ወጥ ቤት ተደብቃ ልታሳልፈው አስባ ነበር። አልቻለችም።

«ሐሳብህን ከቀየርክ ፊት ለፊት አትነግረኝም?»

«እኔ ነኝ የቀየርኩት? ቅሪ ብዬ ስለምንሽ ዝም አልሽኝ እኮ።»

«ዝም አላልኩም። እሺ ብዬሃለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ቲራ ከንፈሯን አሞጥሙጣ አየሩን ሽው አድርጋ ሳበችው።

ሞንስ አፍጥጦ ቀረ። ይሄኔ መታጠቢያ ቤቱን ሲያይ የነበረ አንድ ረጅም ሽማግሌ አንገቱን አወጣ።

«አዎ ብላሃለች» አለ። «እኔም የሰሜን፣ የሼሌፍቴኦ ሰው ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ትበልህ ልጄ፣ እሪ ትበል?»

ሞንስ ጆሮው ቀላ። «እኔ እኮ... ንፋስ መስሎኝ ነው» አለ።

ቲራ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ግን ገና አንድ ነገር ግልጽ አልሆነላትም።

«ቅሪ ያልከኝ ለቤቱ ነው ለአንተ?»

«ለእኔ» አለ ሞንስ። «ይሄን ቤት ጠልቼው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከአንቺ ጋር ስቀመጥ ነው መልሼ የወደድኩት። አንቺ ከሄድሽ በሩን መክፈት አልችልም... ለዚያ ነው ሰዎቹን የጠራሁት።»

ቲራ እጁን ያዘችው።

«እንግዲያው እህትህ ጋ መሄድ ይቅር» አለችው። «ዛሬ እዚሁ እደር። ነገም።»

«እሺ» አላት፣ ማንም እንዳይሳሳት ጎላ አድርጎ።

ሽማግሌው ጫማውን አጠለቀ። ለእሱ ቤት ፍለጋው ገና ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ቅሬታ አልነበረም። የቀሩትን ጎብኚዎች ከፊቱ እየነዳ አስወጣቸው። ደረጃው ላይ ተራ ለሚጠብቁት የሚናገረው ውስጥ ድረስ ተሰማ።

«ወገኖቼ፣ አትድከሙ። ቤቱ ተይዟል» አለ፣ በሩንም ከውጭ ቀስ አድርጎ ዘጋላቸው።