አብሳሎም የሰማው ቃል

ድሮ ነው፤ ኢንስፔክተር መንበረ ገና ተማሪ ሳለች። በሊሙ ገነት አውቶቡስ ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአንድ እንግዳ ሰው ይስቁ ነበር። «ስለት የተመዘዘበት መስሎት እኮ ነው የሮጠው» አለች አንዷ። ምን ብለውት እንደሮጠ ግን መንበረ ረስታዋለች።

ያ ሳቅ ትዝ ያላት ሚሊዮን ከሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። የአንድ ኮሌጅ ስፖርት ክፍል ኃላፊ ነበር። በሰርቦ መንገድ፣ ሯጮቹ ከሚለማመዱበት ቁልቁለት ሥር፣ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ተጋጭቶ ሞቶ ተገኘ። የስለት ጭረት የለበትም። ሆኖም የኮሌጁ ዘበኛ አብሳሎም «ቢላ» የሚል ጩኸት ሰማሁ ማለቱ ስለተመዘገበ፣ የመሮጫውን መንገድ የሚመነጥሩት አብዱልሃዲ ታስረዋል። ሚሊዮን የሴቶቹን ቡድን ሊዘጋ ነው በመባሉ ከእሱ ጋር ተጣልተው ነበር፤ ልጃቸው ሂንድ የቡድኑ አምበል ናት።

የወንዶቹ አሰልጣኝ ናኦድ በዕለቱ በኮሌጁ ብቸኛ መኪና ወንዶቹን ይዞ ወደ ደዶ ሄዶ እንደነበር ሾፌሩ አረጋገጠ። የሴቶቹ አሰልጣኝ ብርሃንነሽ፣ የሊሙ ልጅ፣ ለመቀመጥ እንኳ ትዕግሥት አልነበራትም። መኪናው ሁልጊዜ ለወንዶች ነው፤ እሷ ልጆቿን የምትከተለው በአሮጌ ብስክሌት ነው።

«ስድስት ወር ሙሉ ጠግኑልኝ ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አንድ ነው፤ ጠብቂ። እሁድ ውድድር አለብን፣ አምበሌ ደግሞ ታለቅሳለች። ከዚህ በላይ ምን ልሁን?»

ብስክሌቷ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተደግፋለች። የፍሬኗ ሽቦ ተበጥሷል። በዙሪያዋ ያሉት ጫማዎች ሁሉ ቀይ ጭቃ ጠጥተዋል፤ ብስክሌቷ ብቻ ታጥባ ንጹሕ ናት። መንበረ ዝቅ ብላ የብርሃንነሽን እግር አየች። የግራው ጫማ ሶል ጫፉ ተበልቷል።

ከዚያ ወደ አብሳሎም ሄደች። ከጎጃም ከመጣ ወር አልሞላውም።

«ቢላ ነው የተባለው?»

«ቢላስ አልተባለም፤ ቢላ ብሎ የጻፈው ፖሊሱ ነው። ካራ፣ ካራ ነው የተባለው። ያው አይደል እንዴ?»

መንበረ በልቧ ተመስገን አለች። የአውቶቡሱ ቃል ተመልሶ መጣላት።

በማግስቱ ሁሉንም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች፤ አብዱልሃዲንም አስመጣች።

«በጎጃም ካራ ቢላ ነው» አለች። «እዚህና በሊሙ ግን በኦሮምኛ መንገድ ነው። የጮኸው ሰው መንገድ ልቀቅ ማለቱ ነበር።»

«ያለኝ ገጀራ ነው፣ ቢላ አልያዝኩም ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርኩ» አሉ አብዱልሃዲ። «አልሐምዱሊላህ።»

«ሯጭ ቢሆን ዞሮ ያልፍ ነበር» ቀጠለች መንበረ። « መንገድ የሚለምን መቆም ያቃተው ነው። ፍሬን የሌለው በእግሩ ይጎትታል፣ ጫማው ይበላል። ሲደነግጥ ደግሞ በልጅነት ቋንቋው ይጮኻል። ከዚያ ብስክሌቱን ያጥባል።»

ሁሉም ወደ ብርሃንነሽ ዞሩ።

«ሚሊዮን ስልክ ያወራ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጮህኩ። ዞር ሲል በብስክሌቱ መሪ መታሁት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ዝም ያልኩት እሁድ ይለፍና እናገራለሁ ብዬ ነው። እኔ ከሌለሁ ማን ይወስዳቸዋል?»

«አባቴ ታስሮ ነው የምሮጠው፣ ኮች?» አለች ሂንድ።

ብርሃንነሽ የአንገቷን ፊሽካ አውልቃ ለናኦድ ዘረጋች። ሁለቱን ቡድን በአንድ መኪና እንዲያመላልስ ሁለት ዓመት ለምናው ነበር፤ ሁልጊዜ አይመችም ይላት ነበር። አሁን ግን ፊሽካውን ተቀበላት።

«እሺ» አለ። «እሁድ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ሴቶቹ ይቅደሙ።»