የባትሪ ማቅለጫው አፈር

«ይሄ ሽንኩርት ከየት ነው?»

«ከሐርቡ። ትናንት የተነቀለ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ተውፊቅ ጆንያውን በሰኞ ገበያ ግርግር መካከል ወደ አራጋው ገፋ አደረገው። አራጋው ተውፊቅን በስውር ያሰማራው የፀረ ሙስና መሥሪያ ቤት አገናኝ ነው፤ የምስጢር ስሙ «ሚዛን»። «ተውፊቅ»ም የውሸት ስም ነው። እውነተኛውን የሚያውቁት አራጋውና አለቃቸው ፋሲካ ብቻ ናቸው።

ከሽንኩርቱ ሥር ሦስት ጠርሙስ አፈር አለ። የተቆፈረው ኮምቦልቻ ካለ አሮጌ የባትሪ ማቅለጫ ግቢ ነው። ቦታው ላይ የመኖሪያ ሕንፃ ሊሠራ ስለሆነ፣ መንግሥት አስቀድሞ አፈሩ እንዲመረመር በጀት መድቦ ነበር። የምርመራውን ሥራ በኮንትራት የወሰደው ፈንታሁን በጀቱን በላና ከኩታበር ማሳ ያስዛቀውን ንጹሕ አፈር ለላቦራቶሪ ላከ። የባትሪ መርዘኛ እርሳስ በጠገበ መሬት ላይ ሕፃናት ሊድሁ ነው። ተውፊቅ ግቢው ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ሰባት ወር የተንገላታው ለእነዚህ ጠርሙሶች ነው።

«ሌላ የለህም?» አለ አራጋው።

በአሠራራቸው እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

«የለኝም።»

«ጎበዝ። ሰው ሁሉ ቀብር ሲሄድ አንተ ቀርተህ ቆፈርክ አሉ።»

ተውፊቅ ክው አለ።

ይህን እሱ ለአራጋው ነግሮት አያውቅም።

ከትናንት በስቲያ የተቀበሩት ጋሽ በሺር ናቸው። ቤታቸው ያስጠጉት፣ «ልጄ» ያሉት ሽማግሌ። ሠላሳ ዓመት ከማቅለጫው አጥር ሥር ካለው የውሃ ጉድጓድ ጠጥተው ሆዳቸውን እንደያዙ ሞቱ። ቅሬው፣ የሠፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ሲጠራ ሥራ ይቆማል፤ የግቢው ዘበኛም አለቃም ይሄዳል። ግቢው ባዶ የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ተውፊቅ እንባው አፈሩ ላይ እየወረደ ቆፈረ። ቅሬው ደግሞ ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ይታወቃል። ፈንታሁንም እዚያው ቆሞ ነበር።

«ፈንታሁን ነው የነገረህ?»

አራጋው ዓይኑን ሰበረ። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች ሕዝቡን እየገፉ መጡ።

«ልጆች አሉኝ፣ ወንድሜ። ጆንያውን ተውላቸውና ሂድ።»

ተውፊቅ ሮጠ።

በልብስ ሻጮቹ መካከል ተሹለከለከ። አንዱ ጎረምሳ ኮሌታውን ያዘው፤ ሸሚዙ ተቀደደ፤ አመለጠ። ለክፉ ቀን ያስቀረው አራተኛው ጠርሙስ ብብቱ ሥር ነበር። ባጃጅ፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ የዶሮ መዝለያን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ። ለፋሲካ ደወለላት። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችው።

«አራጋውስ?»

«ሸጦኛል። ተነቅቶብኛል።»

ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እንግዲህ ተውፊቅ የለም። ለሽማግሌው ቤተሰብም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትል። የሽማግሌው ልጅ የምታውቅ ከመሰላቸው የፈንታሁን ሰዎች አይምሯትም።»

በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱ ወጣ። ግንባታው ታገደ፤ የውሃ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ፈንታሁንና አራጋው ታሰሩ፤ የፈንታሁን ሰዎች ግን ገና አልተያዙም። ተውፊቅ የነበረው ሰው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም አውቶቡስ ሊሳፈር ተሰልፎ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ሲሙን ገና ድሮ መጣል ነበረበት፤ እጁ እምቢ ብሎት ነው።

«ተውፊቅ? ሸሪፋ ነኝ፣ የበሺር ልጅ።»

ፊቱን ከተሰለፉት ሰዎች አዞረ።

«ወላሂ አልተቀየምኩህም። አባዬ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ‹ቀብሬን ተውፊቅ ይቆፍርልኝ› አለ። ጀናዛውን ሳንቀብር አስቀምጠን እስከ አስር ሰዓት ጠበቅንህ። በአላህ ይሁንብህ፣ ለምን እንደቀረህ ብቻ ንገረኝ።»

አባትሽን የገደለውን አፈር እየቆፈርኩ ነበር ሊላት ፈለገ። አፉ ድረስ መጣ። ዋጠው።

«ተሳስተዋል፣ እኅቴ» አላት። «ተውፊቅ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ስልኩን ዘጋ። ሲሙን አውጥቶ ሰበረው። ወረፋው ደርሶት ነበርና ተሳፈረ።