የማይጎተት ጊዜ

ኢንስፔክተር አረጋሽ ክሊኒኩ ስትደርስ የዶርቃስ ሬሳ አንሶላ ለብሶ ነበር። የግሉኮሱ ከረጢት ከራስጌዋ እንደተሰቀለ ነው። ልጅቱ በታይፎይድ ተዳክማ ለሁለት ቀን ብቻ የተኛች ነበረች፤ ደህና ሆና ነገ ልትወጣ ሻንጣዋን ሁሉ ሸክፋለች። ግሉኮሱ ውስጥ ግን ልብ የሚያቆም መድኃኒት ተጨምሮበት ተገኘ። መድኃኒቱ የሚቀመጠው በተቆለፈ ቁም ሣጥን ሲሆን ቁልፉን የምትይዘው ተረኛዋ ነርስ ናት።

ኮምፒውተሩ ያን ምሽት እስከ ሁለት ሰዓት ተረኛዋ ዱረቲ ነበረች ይላል። በሁለት ሰዓት የማታው ነርስ ቀንዓ ከጉደር ሲመጣ በሽተኛዋን ሞታ አገኛት። የክሊኒኩን የኮምፒውተር ፕሮግራም የጻፈችው ደግሞ ሟቿ ራሷ ነች። ዘበኛው ከሠራተኞቹ በቀር በበሩ ያለፈ ሰው የለም ብሎ ምሏል፤ ሠራተኞቹ ስንት ሰዓት እንደገቡና እንደወጡ ግን አላስተዋለም።

አረጋሽ ራሷ ያን ሳምንት ልቧ ደህና አልነበረም። ከሀ ጀምራ ሥራ ያስተማረችው ልጅ ኮማንደር ተብሎ አለቃዋ ሆኖባታል። ሹመቱ ከተሰማ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ ማንሳት ግድ ሲሆንባት «ሰውዬው» ብላ ታልፋለች። ቅናት መሆኑን አልሳተችውም። ማወቋ ግን ቆሽቷን ከማረር አላዳነውም።

መጀመሪያ ዱረቲን ጠየቀቻት።

«ልጄ አተኩሶት ነበር» አለች ዱረቲ። «ዶክተርን አስፈቅጄ፣ ተራዬን ኮምፒውተሩ ላይ ዘግቼ፣ ቁልፉን ቢሮ ሰቅዬ፣ በብርሃን ነው የወጣሁት። እናቴ ትመሰክራለች።»

አረጋሽ ቃሏን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። እናት ለልጇ መስክራ ማንን ታሳምናለች?

«ጡት አልተወም» አለች ዱረቲ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ያ ጎፍታኮ፣ ጌታዬ፣ እኔ ከታሰርኩ ምን ይሆናል?»

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ቶሌራ ለማንም ፈቃድ አልሰጠሁም አለ። ሲናገር ግን ዓይኑ አረጋሽን ትቶ ሚስቱን ይፈልግ ነበር። ሚስቱ አመለሸጋ የክሊኒኩ ፋርማሲ ኃላፊ ናት። ባልና ሚስት ከማምሻው ጀምሮ ቤታችን ነበርን ይላሉ፤ አንዱ ላንዱ ከመመስከር በቀር ሌላ ምስክር የላቸውም።

አመለሸጋ ለብቻዋ ስትቀርብ ሳትጠየቅ ጀመረች። «በዶርቃስ ቀንቻለሁ። ባሌ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ስለ ፕሮግራሙ ስልጠና ስትሰጥ አንድም ቀን አልቀረሁም፤ ለመማር መስሎዎት? እሱ እንዴት እንደሚያያት ልጠብቅ ነው።»

«ታዲያ ምን አዩ?»

«እሱን ሳይ ትምህርቱ ሳላስበው ገባኝ» አለች አመለሸጋ፤ እንደ ማፈር ብላ። «ጊዜ ገመድ አይደለም፣ አይጎተትም ትለን ነበር። ከዚህ እስከዚህ ተብሎ አንዴ የተጻፈ ጊዜ እንዳለ ይኖራል። ስህተት ከተገኘበት አጠገቡ ሌላ ይጻፋል እንጂ እሱ አይነካም። ደግሞ የተራው ጊዜ ለብቻው፣ የቁልፉ ጊዜ ለብቻው ነው። አንዱን ብታርሙ ሌላው አይከተልም፣ እያንዳንዱን በየራሱ አርሙ ብላናለች።»

የቀረው ለሊሳ ነው። ከዶርቃስ በፊት ክሊኒኩ የሚሠራው በእሱ ፕሮግራም ነበር። እሷ መጥታ አዲስ ስትሠራ የእሱ ተጣለና እሱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኖ ቀረ። ቶሌራ በስብሰባ ፊት ዶርቃስን ሲያመሰግን ለሊሳ እኩል አጨብጭቧል አሉ። አሁንም ለአረጋሽ ወንበር ስቦ፣ አቧራውን ጠርጎ አስቀመጣት።

«ልጅቷ ጎበዝ ነበረች» አለ። «ልጅቷ ትንሽ ነገር ታከብዳለች እንጂ ጎበዝ ነበረች።»

አረጋሽን አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት። ለሊሳ የሟቿን ስም ከአፉ አላወጣም። ይህን አነጋገር ከራሷ አፍ ስለምታውቀው ደስ አላላትም።

«ስልጠናው ላይ ነበርክ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

«ዱረቲ ቁልፉን አስቀድሜ መልሻለሁ ትላለች።»

ለሊሳ ወደ ኮምፒውተሩ ዞር እንኳ አላለም። «እስከ ሁለት ሰዓት ተረኛ ከሆነች ቁልፉም እስከ ሁለት ሰዓት እሷ ዘንድ ነው። አብሮ ነው የሚሄደው።»

አረጋሽ አመስግናው ወጣች። ከዚያ ቶሌራን የቁልፉን ገጽ እንዲከፍትላት አዘዘችው። ቁልፉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሷል ይላል። እሷም ለጊዜው ምንም ሳትናገር አራቱን ተጠርጣሪዎች ኮምፒውተሩ ካለበት ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ዱረቲ፣ ተራሽን ስትዘጊ ስንት ጊዜ ትጫኛለሽ?»

«አንዴ። ተራውም ቁልፉም በዚያው ይዘጋሉ።»

«እንግዲያው ሁለቱም አንድ ሰዓት ማሳየት ነበረባቸው» አለች አረጋሽ። «እዚህ ግን ተራዋ እስከ ሁለት፣ ቁልፉ እስከ አሥራ አንድ ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ያለ ቁልፍ ስትሠራ አመሸች ማለት ነው? አይደለም። አንድ ሰው ተራዋን አራዝሞ ቁልፉን ረሳው። ዱረቲ እንዳታደርገው ራሷን የሚያስወነጅል ነገር ነው። ዶክተርና ወይዘሮ አመለሸጋ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱንም ያርሙ ነበር፤ ለየብቻ መሆናቸውን ተምረዋል። አንዱን ብቻ አርሞ እፎይ የሚለው፣ አንዱ ሌላውን ይጎትታል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ለሊሳ፣ በአንተ ፕሮግራም ሁለቱ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። አዲሱንም እንደዚያው መሰለህ፤ ሳታይ አብሮ ነው የሚሄደው አልከኝ።»

ለሊሳ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ግምት ነው። ኮምፒውተሩ የሚለው እስከ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሌላ ጊዜ የለም።»

«እኛ ጣቢያ አንዴ የተሰጠ ቃል አይሰረዝም» አለች አረጋሽ። «ሰው ሐሳቡን ከለወጠ ተጨማሪ ቃል ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ግን ይቀመጣል። ሟቿም የሠራችው እንደዚያ ነው። ዶክተር፣ ለዱረቲ ተራ በፊት የተጻፈውን ይክፈቱት።»

ቶሌራ ከፈተው። በአሥራ አንድ ሰዓት የተዘጋው የዱረቲ ተራ ማንም ሳይነካው ቁጭ ብሏል። እስከ ሁለት ሰዓት የሚለው ዶርቃስ ከሞተች በኋላ በአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል አጠገቡ የተጨመረ ነው። ይለፍ ቃሉን በሕይወት ካሉት የሚያውቁት ቶሌራ፣ አመለሸጋና ለሊሳ ብቻ ናቸው።

ቶሌራ አንገቱን ደፋ። «ፈቅጄላታለሁ። በሽተኛዋን እኔ አያታለሁ ብዬ ነበር፤ ጥያት ወጣሁ። የክሊኒኩን ፈቃድ እንዳላጣ ፈርቼ ዋሸሁ።»

«እኔ ነኝ በስልክ የጠራሁት» አለች አመለሸጋ፤ እንባዋ እየወረደ። «ከእሷ ጋር ብቻውን እንዳያመሽ ብዬ።»

ዱረቲ ሁለቱንም አየቻቸው።

ለሊሳ ግን ኮምፒውተሩን ነበር የሚያየው። ቀዩ ፊቱ አመድ መስሏል። «ቁልፉ አብሮ መሄድ ነበረበት» አለ ለራሱ። «ሦስት ዓመት የለፋሁበትን በሦስት ወር አስጣለችብኝ። ሁሉ ሰው የእሷን ሥራ ሲያወራ እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ።»

«ማናት እሷ?»

«ልጅቷ።»

«ስም አላት፣ ለሊሳ።»

የለሊሳ ከንፈር ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ቀረ። በመጨረሻ «ዶርቃስ» አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ፖሊሶቹ ደግፈው አስነሡት።

ዱረቲ በሩ ላይ ቆማ አረጋሽን ጠበቀቻት። ጡቷ ሞልቶ ሸሚዟን አርሶታል። «ገለቶሚ፣ አዴ አረጋሽ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነቻትና ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ ወደ ቤቷ ሮጠች።

አረጋሽ መኪናው ውስጥ ገብታ ስልኳን አወጣች። የተያዘውን ሰው ለአለቃዋ ማሳወቅ አለባት። ስልኩ ተነሣ።

«ኮማንደር ኦልጅራ» አለች። «አረጋሽ ነኝ። እንኳን ደስ አለህ ሳልልህ ቆየሁ።»